የፀጉር ቀለምን በቤት ውስጥ መቀባትና የተቀባ ፀጉር አያያዝ

የፀጉር ቀለምን በቤት ውስጥ መቀባት ማለት ሽበትን ለመሸፈን ወይም የተፈጥሮን መልክ ለመቀየር ሲባል፣ ፀጉር ቤት ሳይኬድ፣ በራስ እጅ ወይም በእናት፣ በእህት፣ በጓደኛ እገዛ የሚከናወን የውበት ሥራ ነው። ከውጭ ሲታይ ቀላል ነው፤ ሁለት ነገር ቀላቅሎ መቀባት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት፣ መታጠብ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን በፀጉሩ ላይ የኬሚካል ለውጥ ይካሄዳል፤ በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው መመሪያም በዚሁ ለውጥ ምክንያት የተጻፈ ነው። ችግሩ መመሪያውም ሆነ በሳጥኑ ላይ ያለው ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለና ፈዘዝ ያለ ፀጉርን የሚያስቡ መሆናቸው ነው። ፀጉሩ ጥቁርና ጥቅልል የሆነ ሰው አንዳንዱን ነገር ወደ ራሱ ፀጉር አምጥቶ ማንበብ ይኖርበታል።

የፀጉር አሠራር

ከራስ ቆዳ በላይ የሚታየው ፀጉር ሕይወት የለውም። በአብዛኛው የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ ጥፍርም ከዚሁ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ ዘለላ ከውጭ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ቀጫጭን ገለፈቶች ተሸፍኗል። ጥንካሬውም ቀለሙም ያለው ከገለፈቱ ሥር ባለው ውስጠኛ አካል ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ ጥቁርና ቡናማ የሚያደርገው ዩሜላኒን፣ ቀላና ቢጫ የሚያደርገው ፊዮሜላኒን ይባላል። ሽበት የሚመጣው ፀጉሩ በሚበቅልበት ቦታ ያሉት ሕዋሳት ሜላኒን ማምረት ሲያቆሙ ነው።

ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ጥቅልል ሲሆን ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ፀጉር ጫፉ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ዕድሜ አለው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ፀሐይ፣ ማበጠሪያ፣ ፎንና ፒያስትራ ሲፈራረቁበት ኖሯል፤ ሥሩ ግን ገና መውጣቱ ነው። አንድ ቀለም በሥሩና በጫፉ ላይ አንድ ዓይነት መልክ የማያወጣው ለዚህ ነው። በጥቅልል ፀጉር ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በጥቅልሉ ላይ ግን ስለማይወርድ ጫፉ ደርቆ ይኖራል። ዘለላውም በታጠፈበት ቦታ ሁሉ ለመሰበር ቅርብ ነው።

የቀለም ዓይነቶች

ጊዜያዊ ቀለም ገለፈቱ ላይ ብቻ ተለጥፎ በአንድ ሁለት እጥበት ይለቃል። ከፊል ዘላቂ የሚባለው ጥቂት ወደ ውስጥ ይዘልቅና ከ6 እስከ 12 እጥበት ያህል ይቆያል። የተፈጥሮውን ቀለም ስለማያነጣ ሊያጠቁር ወይም የቀላ ወዝ ሊሰጥ እንጂ ጥቁርን ወደ ቡናማ ሊለውጥ አይችልም። ጥቂት ሽበት ላለበትና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀባ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ ባይወደው እንኳ እየታጠበ ይወጣለታል።

ዘላቂው ቀለም በሁለት ዕቃ ይመጣል። በአንደኛው ውስጥ አሞኒያና ገና ቀለም ያላወጡ ጥቃቅን ሞለኪውሎች አሉ፤ በሁለተኛው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አለ። አሞኒያው ፀጉሩን አሳብጦ ገለፈቱን ይከፍታል። ፐርኦክሳይዱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የተፈጥሮውን ሜላኒን በከፊል ያፈርሳል፣ ወደ ውስጥ የገቡትን ጥቃቅን ሞለኪውሎች ደግሞ እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ሲያያዙ ቀለም ያወጣሉ፤ ስለሚተልቁም በገቡበት መውጣት ያቅታቸዋል። ውህዱ ሲቀላቀል ፈዛዛ ሆኖ እያየነው የሚጠቁረው፣ የተረፈውም ለሌላ ቀን የማይቀመጠው ለዚህ ነው። በክዳን ቢዘጋ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

«አሞኒያ የሌለው» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። በአሞኒያው ቦታ ብዙውን ጊዜ ሞኖኢታኖላሚን የሚባል፣ ሽታው ያነሰ ኬሚካል ይገባል፤ ፀጉሩን የመክፈት ሥራው ግን ያው ነው። አለርጂ የሚያመጣው ንጥረ ነገርም አሞኒያው ስላልሆነ፣ በመቅረቱ አደጋው አይቀርም።

የፐርኦክሳይዱ ጉልበት 3፣ 6፣ 9 ወይም 12 በመቶ ተብሎ ይገለጻል፤ ባለሙያዎች እነዚህን 10፣ 20፣ 30 እና 40 ቮልዩም ይሏቸዋል። ለማጥቆር ዝቅተኛው ይበቃል፤ ሽበትን ለመሸፈን በተለምዶ 6 በመቶ ይሠራበታል። ከዚያ በላይ ያለውን ልምድ በሌለው እጅ ራስ ላይ ማፍሰስ አይመከርም።

በሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥርም ትርጉም አለው። የመጀመሪያው አኃዝ የጥቁረትና የንጣት ደረጃ ነው፤ 1 ጥቁር፣ 10 እጅግ የነጣ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው የቀለሙን ዝንባሌ ይናገራል፤ በብዙ አምራቾች ዘንድ 1 አመዳማ፣ 3 ወርቃማ፣ 4 መዳብማ ነው። የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የተፈጥሮ ፀጉር ከ1 እስከ 3 ባለው ደረጃ ይገኛል። ስለዚህ 7.3 የሚል ሳጥን ገዝቶ በጥቁር ፀጉር ላይ የሚቀባ ሰው በፎቶግራፉ ላይ ያለውን ወርቃማ አያገኝም፤ የሚያገኘው በፀሐይ ላይ የሚታይ የቀላ ጥላ ነው፤ ሽበት ካለበት ደግሞ ሽበቱ ብቻ ወርቃማ ይሆናል። ከዚህ ቅሬታ የሚያድነው ፎቶግራፉን ትቶ ቁጥሩን ማንበብ ነው።

ታሪክ

የዛሬው ዘላቂ ቀለም መሠረት የሆነው ፓራፌኒሊንዳያሚን ቀለም የማውጣት ጠባዩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1863 በጀርመናዊው ኬሚስት አውጉስት ቪልሄልም ፎን ሆፍማን ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዩጂን ሹለር እ.ኤ.አ. በ1907 የፀጉር ቀለም አዘጋጅቶ ለፓሪስ ፀጉር ሠሪዎች መሸጥ ጀመረ፤ በ1909 ያቋቋመው ድርጅት ከጊዜ በኋላ ሎሬአል ተባለ። ቀለም ከፀጉር ቤት ወጥቶ በየቤቱ የተለመደው በአሜሪካ፣ በ1950ዎቹ፣ ክሌሮል የተባለው ድርጅት ማንጣትንና መቀባትን በአንድ ጊዜ የሚጨርስ ምርት ካወጣ በኋላ ነው።

ሂና ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ በጥንታዊት ግብፅ አስከሬኖች ፀጉር ላይ ተገኝቷል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ሎሶን የሚባል ንጥረ ነገር ከኬራቲን ጋር ራሱ ተጣብቆ ብርቱካናማ ቅላት ይሰጣል። በጥቁር ፀጉር ላይ ጎልቶ አይታይም፤ በሽበት ላይ ግን ደምቆ ይወጣል። በአገራችን በሐረር፣ በሶማሌና በአፋር አካባቢ ሂና ከጥንት የታወቀ ነው። በሰሜኑና በመሀል አገር ሙሽራ እጅና እግሯን የምትቀባው እንሶስላ ግን ሥሩ የሚወቀጥ ሌላ ተክል ነውና ከሂና ጋር መምታታት የለበትም።

አለርጂና መርዛማነት

ከዚህ ሥራ ሁሉ ቸል መባል የሌለበት ክፍል ይህ ነው። ፓራፌኒሊንዳያሚን በተለይ በጥቁርና በጠቆሩ ቀለሞች ውስጥ የሚገኝ፣ ብርቱ የቆዳ አለርጂ የሚያስነሣ ኬሚካል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በራስ ላይ በሚያርፈው ውህድ ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። አለርጂው ዘግይቶ የሚመጣ ዓይነት ነው፤ ምልክቱ የሚታየው ከተቀቡ ከብዙ ሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ማሳከክ፣ መቅላት፣ ውኃ መቋጠር፣ የግንባርና የዐይን ቆብ ማበጥ ይከተላል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ምላስና ጉሮሮ ካበጠ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከመቀባት 48 ሰዓት በፊት ከቀለሙ ጥቂት ወስዶ መመሪያው እንደሚያዘው ከጆሮ ጀርባ ወይም በክንድ መታጠፊያ ላይ መሞከር ይገባል። «ለዓመታት ስቀባው ኖሬያለሁ» ማለት ዋስትና አይሆንም፤ ሰውነት ያንን ኬሚካል መጥላት የሚጀምረው ደጋግሞ ካገኘው በኋላ ነውና ሙከራው በየጊዜው ይደገማል።

«ጥቁር ሂና» የሚባለው ልዩ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ንጹሕ ሂና ጥቁር አይደለም፤ እጅ ላይ በአጭር ጊዜ የሚያጠቁር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይኸው ኬሚካል ተቀላቅሎበታል። በሱዳን ሂናን በዚህ መንገድ የማጥቆር ልማድ ብዙ ጉዳት አድርሷል። በሠርግ ወይም በበዓል ጥቁር ሂና ተቀብቶ ቆዳው የተቆጣ ሰው ከዚያ በኋላ ዘላቂ የፀጉር ቀለም ራሱ ላይ ማድረግ የለበትም።

ለራስ የተዘጋጀ ቀለም ለቅንድብና ለሽፋሽፍት ፈጽሞ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ይሸጥ የነበረ ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ቀለም ሴቶችን ዐይነ ስውር አድርጓል፤ የ1938ቱ የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ እንዲወጣ ከገፋፉት ጉዳዮች አንዱም ይኸው ነበር። የፀጉር ቀለም ከተዋጠ አንገትና ጉሮሮን ያሳብጣል፣ ጡንቻን ያፈርሳል፣ ኩላሊትን ያቆማል፤ ሰው ይገድላል። ልጆች ባሉበት ቤት ከሻምፖው ጎን ማስቀመጥ አይገባም። የዋጠ ሰው ካለ ሌላ መላ ሳይፈለግ፣ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

ካንሰርን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ቀለሙን በየቀኑ የሚነኩ የፀጉር ባለሙያዎችን ሥራ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ምድብ አስቀምጧል፤ ለግል የሚቀቡትን ግን ማስረጃው ለመመደብ እንዳልበቃ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዘላቂ ቀለም በሚጠቀሙ ሴቶች፣ ይልቁንም በጥቁር ሴቶች፣ የጡት ካንሰር በርከት ብሎ መታየቱን ዘግቧል፤ ምክንያቱ ቀለሙ ራሱ መሆኑን ግን አላረጋገጠም።

አቀባብ

ዝግጅቱ ከቀናት በፊት ይጀምራል። ሹሩባ የተሠራ ራስ ሲፈታ ቆዳው ተወጥሮ የቆሰለ ሊሆን ስለሚችል እስኪሽር ይጠበቃል። ቅቤ ተቀብቶ የከረመ ፀጉር ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ በደንብ ይታጠባል፤ በቀለሙ ዕለት ግን አይታጠብም፣ ጥቂቱ የተፈጥሮ ወዝ ቆዳውን ይጠብቃልና። ሪላክሰር (ፀጉርን ቀጥ የሚያደርግ ኬሚካል) የተደረገበት ፀጉር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያደርግ ሰው ፀጉሩን በማበጠሪያው ላይ ያገኘዋል።

ከማጅራት በኩል ከማይታይ ቦታ ጥቂት ዘለላ ለይቶ ቀለሙን መሞከር መልኩንም ሰዓቱንም ያሳያል። ከዚያ ፀጉሩ በአራት ተከፍሎ ይያዛል፤ በግንባር ዳርና በጆሮ ላይ ቫዝሊን ይቀባል፤ ጓንት ይደረጋል፤ መስኮት ይከፈታል። ውህዱ የሚዘጋጀው በፕላስቲክ ወይም በመስታወት ዕቃ ነው፤ ብረት ከፐርኦክሳይዱ ጋር ስለሚዋሐድ አይሆንም። ሽበት ለመሸፈን የሚቀባ ሰው ሽበቱ ከበዛበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ግንዱ ጎን፣ ይጀምራል። ለጥቅጥቅ ፀጉር አንድ ሳጥን አይበቃም፤ መሀል ላይ አልቆ ከመቆም ሁለት መግዛት ይሻላል። ሰዓቱ ከመመሪያው ማለፍ የለበትም፤ መቆየቱ ቀለሙን አያጠነክረውም፣ ፀጉሩን ያደርቀዋል እንጂ። ቆዳው ማቃጠል ከጀመረ ሰዓቱ ባይደርስም ወዲያው ይታጠባል።

ጥቁር ፀጉርን ማንጣት ሌላ ሥራ ነው። ሜላኒኑ ሲፈርስ ፀጉሩ በቀይ፣ በብርቱካናማ፣ በቢጫ በኩል ያልፋል። ብዙ ሰው ብርቱካናማው ላይ ደንግጦ በማግሥቱ ይደግመዋል፤ ፀጉሩ የሚበጣጠሰው ያን ጊዜ ነው። ብርቱካናማን ሰማያዊ፣ ቢጫን ወይን ጠጅ ስለሚያደበዝዘው መፍትሔው እንደገና ማንጣት ሳይሆን እንዲህ ያለ ቀለም የያዘ ቶነር መቀባት ነው። ጥቅልል ፀጉርን ከሦስት ደረጃ በላይ ማንጣት ለሚፈልግ ግን ገንዘቡን ለባለሙያ መክፈሉ ይሻለዋል።

ከተቀቡ በኋላ

ቀለሙ እንደ ታጠበ ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ኮንዲሽነር ይቀባል። አሲዳማ ስለሆነ አሞኒያው የከፈተውን ገለፈት መልሶ ለማስተኛት ይረዳል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን ሻምፖ አይነካውም። ሲታጠብም በለብታ ውኃ፣ ሰልፌት በሌለው ሻምፖ ይሁን፤ ጠንካራ ሻምፖና ሙቅ ውኃ ቀለሙን ያወጣሉ፣ ቀይ ቀለም ደግሞ ከሁሉ ፈጥኖ ይለቃል። ለደረቅ ጥቅልል ፀጉር በሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ በቂ ነው።

የተቀባ ፀጉር ውኃ ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ያጣል። በየሳምንቱ ወፍራም ትሪትመንት ቀብቶ በፕላስቲክ ሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ልስላሴውን ይመልሳል። የኮኮናት ዘይት ወደ ዘለላው ውስጥ ገብቶ በእጥበት ጊዜ የሚጠፋውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ለጋ ቅቤም የቆየ ሥራውን ይሠራል፤ ከላይ ሸፍኖ እርጥበቱን ያቆያል፣ በማበጠር ጊዜ የሚሰበረውን ይቀንሳል። የሚቀባው ግን በረጠበ ፀጉር ላይ ነው፤ በደረቀው ላይ ከሆነ ደረቁን ነው የሚሸፍነው። ፒያስትራ ለመጀመሪያው ሳምንት ይቅር፤ ከዚያም ከሙቀት መከላከያ ጋር ብቻ ይሁን። ማበጠሩ ከጫፍ ጀምሮ፣ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ፣ ፀጉሩ ኮንዲሽነር እንደያዘ ነው። ማታ የሳቲን ሻሽ ማሰር የጥጥ ትራስ የሚያደርሰውን መፈግፈግ ያስቀራል፤ ቀን ላይ የከረረ ፀሐይ ሲሆን ነጠላ ወይም ኮፍያ ቀለሙን ከመደብዘዝ ይጠብቃል።

አዲሱ ሥር ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ያን ጊዜ የሚቀባው ሥሩ ብቻ ነው። ጫፉ ፈዝዞ ከሆነ ከፊል ዘላቂ ቀለም ያድሰዋል፤ ካልሆነም የሥሩ ሰዓት ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ውህዱ ወደ ታች ይወርድና ይታጠባል።