ከቴሬዚን የንድፍ ክፍል የወጡ ሥዕሎች

ከፕራግ በስተሰሜን የምትገኘውን የቴሬዚንን የምሽግ ከተማ ከ1780 ዓመተ ምሕረት (በኤውሮጳውያን አቈጣጠር) ጀምሮ ያሠሯት ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ሲሆኑ፥ ስሟም የእናታቸው የማሪያ ቴሬዚያ መታሰቢያ ነው። በኖቬምበር 1941 ናዚዎች የአይሁድ መታጐሪያ አደረጓት። ወደዚያ ከተጋዙት 140,000 ያህል ሰዎች 33,000 የሚሆኑት እዚያው ሞቱ፤ ከ87,000 የማያንሱት ወደ ምሥራቅ ተወስደው አብዛኞቹ ተገደሉ።

የቴሬዚን ሥዕል ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ ያስተማረቻቸው ሕፃናት የሣሉት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ለታሪክ ምርመራ ግን የንድፍ ክፍል ይባል የነበረው ቢሮ የበለጠ ከባድ ጥያቄ ያነሣል። የክፍሉ አለቃ ቤድርዢህ ፍሪታ ነበረ፤ ሌኦ ሀስ፥ ኦቶ ኡንጋርና ፈርዲናንድ ብሎኽም አብረውት ይሠሩ ነበር። የታዘዙት ሥራ ለኤስ ኤስ ሹማምንት ፕላንና የመታጐሪያውን አስተዳደር አሳምሮ የሚያሳይ ሥዕላዊ መግለጫ ማዘጋጀት ነበር። በስውር ደግሞ ከዚያው ቢሮ በተገኘ ወረቀትና ቀለም ረኃቡን፥ መጋዙን፥ ዳቦና ሬሳ በተራ የሚጫንበትን ጋሪ ይሥሉ ነበር። ስለዚህ ሐሰተኛው ሰነድና የእውነት ምስክርነቱ የአንድ እጅ ሥራ ናቸው፤ አንዱን ያለ ሌላው መመርመር አያስኬድም።

በጁን 23 ቀን 1944 የቀይ መስቀልና የዴንማርክ መልእክተኞች ከተማይቱን ጐበኙ። ለዚሁ ሲባል የቤቶቹ ፊት ተቀባ፤ መጨናነቁም እንዳይታይ በሜይ ወር 7,500 ያህል ሰዎች ወደ አውሽቪትዝ ተላኩ። ፍሪታ በሥዕሉ የቴሬዚንን ሱቆች እንደ ቴአትር መድረክ ሰሌዳ አድርጎ አሳይቷቸዋል፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ለመጻፍ ያስቸግራል።

በጁላይ 17 ቀን 1944 አራቱ ተይዘው ትንሹ ምሽግ ወደሚባለው እስር ቤት ከነቤተሰባቸው ተወሰዱ። ብሎኽ እዚያው ተገደለ። የኡንጋር የመሣያ እጁ ተቀጥቅጦ ተጐዳ፤ እርሱም ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት ሞተ። ፍሪታ በኖቬምበር 1944 በአውሽቪትዝ አለፈ፤ ባለቤቱም ከእስር ቤቱ በሕይወት አልወጣችም።

ከአራቱ በሕይወት የቈየው ሀስ ነው። ተመልሶ በግንብ ውስጥ የደበቀውን የራሱን ሥራ አወጣ፤ ፍሪታ በቆርቆሮ ሣጥን ከትቶ በመሬት የቀበረውም ተገኘ። ወላጆቹን ያጣውን የፍሪታን ሕፃን ልጅ ቶማስንም ሀስና ባለቤቱ አሳደጉት። ከተረፉት ሥራዎች መካከል ፍሪታ በጃንዋሪ 1944 ለልጁ 3ኛ ዓመት የልደት ቀን ያዘጋጀለት ባለቀለም አልበም ይገኛል፤ በዚያም ልጁ ሻንጣ ላይ ቆሞ በምሽጉ መስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ይታያል።