ገበያ ያልወደደው ብር

ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ብሔራዊ ገንዘብ አወጁ። በፓሪስ የተቀረጸው ብር የ1887 ዓመተ ምሕረትን፣ የንጉሠ ነገሥቱን ምስልና ዘውድ የደፋ አንበሳ ይዞ መጣ። ክብደቱ ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ ጋር የተስተካከለ ቢሆንም፣ ሰፊው ሕዝብ በቀላሉ አልተቀበለውም፤ ንግሥቲቱ ከሞቱም በኋላ «1780» የሚለውን ዓመት ሳይለውጥ ይቀረጽ የነበረውን፣ አባቶቹ የለመዱትን ጠገራ መረጠ። ገንዘብን በአዋጅ ማውጣት ይቻላል፤ በገበያ የሚያጸናው ግን የሕዝብ እምነት ነው።

ዛሬ ሰብሳቢዎች አንበሳው ያነሣው ግራ እግሩን ይሁን ቀኙን እየለዩ ያንኑ ብር ይፈልጉታል። ብዙ ጠገራ ግን በአንጥረኛ እሳት ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል። በቁይም ሆነ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በቤተሰብ ሣጥን የተረፈ የምኒልክ ብር ቢገኝ፣ መምህራን ከባለቤቱ ትዝታ ጋር ሳይውል ሳያድር ሊመዘግቡት ይገባል።