የባሕር ማሽላና ጠላቶቹ

አባቶቻችን በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፤ ይኸውም እህሉ እንደ ጤፍ ከዚሁ ከአገራችን የተገኘ ሳይሆን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መሆኑን ይነግረናል። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ወደ አፍሪካ የተሻገረውም ከ1492 በኋላ፣ ማለት ኮሎምቦስ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል።)

እኛ የእንጅባራ ልጆች በብርድ አገር ስለምንኖር ማሳችን የገብስና የድንች ነው። ነገር ግን ወደ ዳንግላ ወይም ወደ ቻግኒ የወረደ ሰው በክረምት ግራና ቀኙን በቆሎ ሆኖ ያገኘዋል። እሸቱም ቂጣውም ጠላውም ከእርሱ ነው። ስለዚህ በቆሎ ሲታመም የሚራበው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገንም።

እንግዳው ሲገባ ጠላቶቹ ሁሉ አብረውት አልገቡም፤ አንዳንዶቹ እጅግ ዘግይተው ነው የተከተሉት። ሁለት ቫይረሶች ተባብረው የሚያመጡት፣ ቅጠሉን አድርቆ ተክሉን የሚገድለው በሽታ በ2011 በኬንያ ታየ፤ በ2014 በኢትዮጵያ ተገኘ። የአሜሪካ መጤ ተምችም በ2016 አፍሪካ ደረሰና በ2017 አገራችን ገባ።

ታዲያ በቆሎው ዝም ብሎ ይበላልን? አይደለም። ሥጋ ስንበላ ጨጓራችን ፔፕሲን በሚባል ነገር ይፈጨዋል። ፔፕሲን ፕሮቲንን እንደ መቀስ ይቆራርጣልና ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ሁሉ ፕሮቲዬዝ ይሉታል። በቆሎም የእነዚህን መቀሶች አሠራር በዘረ መሉ ውስጥ ይዞ ይወለዳል። ኤም ፒ 708 በተባለው የአሜሪካ በቆሎ ላይ ተምቹ ቅጠል መብላት ሲጀምር፣ ተክሉ በቆሰለው ቦታ ሚር 1 የተባለ ፕሮቲዬዝ ያከማቻል። ይህ ከቅጠሉ ጋር ተውጦ የተምቹን አንጀት የሚሸፍነውን ስስ ልባስ ይበሳሳዋል፤ የበላው ሁሉ አይረባውምና ይቀጭጫል።

ነገር ግን መቀስ ያለው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ከላይ ካነሣናቸው ቫይረሶች አንዱ፣ የሸንኮራ አገዳም ጠላት የሆነው፣ ፕሮቲኖቹን እንደ አንድ ረጅም ገመድ ይሠራና በራሱ ፕሮቲዬዝ ይቆራርጣቸዋል። አረማሞ የሚያመጣው ፈንገስ ደግሞ የበቆሎውን መቀስ የሚያስር ፕሮቲን እንደሚልክ የጀርመን ተመራማሪዎች በ2013 ገልጸዋል። ሌባ አስቀድሞ ዘበኛውን ያስራል እንደ ማለት ነው።

እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመን የኤም ፒ 708 የዘር ሐረግ ነው። ሐረጉ የሚመዘዘው በካሪቢያን ባሕር ካለችው ከአንቲጓ ደሴት ከተሰበሰበ ነባር በቆሎ ነው። የነባር ዘር ዋጋ የሚታወቀው ግን ብዙውን ጊዜ ከጉዳት በኋላ ነው። በ1970 አብዛኛው የአሜሪካ ገበሬ በእናቱ ወገን አንድ የሆነ ድቅል በቆሎ ዘርቶ ነበርና፣ አንድ ቅጠል አድራቂ ፈንገስ በአንድ ክረምት ከአገሪቱ ምርት 15 በመቶ ያህሉን ወሰደ። ያን ያህል ባለጸጋ አገር ይህን ጉዳት ቻለው፤ የቻግኒ ገበሬ ግን የሚችለው አይመስለንም።

ባኮ ያለው የምርምር ጣቢያ በ1993 ያወጣው ቢኤች 660 የብዙ ገበሬ ጎተራ ሞልቷል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ይሁን እንጂ ድቅል ዘር በየዓመቱ ይገዛል እንጂ ከጎተራ ተወስዶ ቢዘራ እንደ ፊተኛው አያፈራም። ገበሬው ድቅሉን በለመደ መጠንም ነባሩ ከጓሮ እየጠፋ ይሄዳል።

በአንዳንድ ቤት ግን ለዘር የተመረጠው የበቆሎ ራስ ዛሬም ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ጭሱ ነቀዙን ያርቅለታል። እኛም በዕረፍት ጊዜ ወደ ዳንግላ ስንወርድ፣ የተሰቀለውን ዘር ስሙንና ከማን እንደተገኘ እናቶችን እየጠየቅን በደብተር መጻፍ ጀምረናል።