አፈር እንደ ሰነድ

የታሪክ ሰው መዝገብ ቤት ገብቶ ሰነድ ይፈልጋል፤ እኔ ዛሬ የማነሣው ሰነድ ግን አፈር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ማደያዎች ሥር የተቀበሩት የነዳጅ ታንኮች አብዛኞቹ ከዝገት የሚከላከላቸው ያልነበራቸው የብረት ታንኮች ነበሩ። ዝገት በላቸው፤ ቤንዚኑም ወደ ከርሠ ምድር ውኃ ሰረገ። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1984 ሕግ አወጣ። የ1988ቱ ደንብ ደግሞ ታንኩ ለዘለቄታው ሲዘጋ ባለቤቱ ብክለት መኖር አለመኖሩን እንዲለካ አስገደደ፤ ያውም ብክለቱ ይኖርበታል ተብሎ በሚገመተው ቦታ። ለእኔ የደንቡ ነፍስ ይህች ሐረግ ናት። ከጉድጓዱ ጥግ የተዛቀ ንጹሕ አፈር አይዋሽም፤ የሚመሰክረው ግን ስለ ጥጉ ብቻ ነው። ከታንኩ ሥር ወይም ከቧንቧው መጋጠሚያ የተወሰደውም ቢሆን በሚገባ ታሽጎና ቀዝቅዞ ካልተጓዘ ቤንዚኑ ይተናል፤ ላቦራቶሪውም «ንጹሕ» ብሎ ይጽፋል። መዝገብ ቤት የሚገባው እንግዲህ ያ ወረቀት ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እኔ የማነበውም እሱኑ ነው።