የጄለም ሙሾ

በሂማልያ ተራሮች መካከል የምትገኘው የካሽሚር ሸለቆ፥ በ1947 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እናደርገዋለን) ህንድና ፓኪስታን ከእንግሊዝ አገዛዝ ወጥተው ሁለት መንግሥታት በሆኑ ጊዜ የጠብ ርስት ሆና ብትቀርም፥ የቦምቤ ፊልም ሠሪዎች ግን ረጅም ዘመን ያዩት ገነትነቷን ብቻ ነበር። በ1964 የወጣው «ካሽሚር ኪ ካሊ» ሻሚ ካፑርንና ሻርሚላ ታጎርን በዳል ሐይቅ ላይ በፍቅር ሲያዘፍን፥ የአገሩ ሐዘን በዜማው ውስጥ ስፍራ አላገኘም።

ሐዘኑስ ጥንታዊ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረችው ባለቅኔ ሐባ ኻቱን፥ የሞጎሉ ንጉሠ ነገሥት አክባር ባሏን ንጉሥ ዩሱፍ ሻህ ቻክን አስሮ ካገሩ ባራቀባት ጊዜ የናፍቆት እንጉርጉሮ እንደ ደረሰች ይነገራል። ሙዛፋር አሊ የዚህችን ሴት ሕይወት «ዙኒ» ብሎ በፊልም መቅረጽ ጀምሮ ሳለ፥ በ1989 በሸለቆው በህንድ አገዛዝ ላይ የትጥቅ ዓመፅ ተነሣና ሥራው ተቋረጠ፤ የሸለቆው ዋና ከተማ የስሪናጋር ሲኒማ ቤቶችም በታጣቂዎች ዛቻ ተዘጉ።

የሸለቆው ልቅሶ በፊልም ዜማ ጎልቶ የተሰማው፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ በ2014 ቪሻል ባርድዋጅ ባዘጋጀው «ሃይደር» ነው። ፊልሙ፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ሐምሌት» ወስዶ በ1995ቱ ካሽሚር አኖረው፤ አባትዮው ሐኪም በወታደሮች ተይዞ ደብዛው ሲጠፋ፥ ሚስቲቱ በዚያ አገር «ግማሽ መበለት» ከሚሏቸው ሴቶች አንዲቱ ትሆናለች፤ መርዶ ያልደረሳት፥ ባሏም ያልተመለሰላት፥ ከል ለመልበስም ከል ለማውለቅም ያልቻለች ማለት ነው። አስከሬን በሌለበት ቀብር ስለማይኖር፥ ገጣሚው ጉልዛር ለልጅዮው ለሃይደር በሰጠው ዘፈን ስሪናጋርን አቋርጦ የሚፈሰው የጄለም ወንዝ ራሱ ሐዘንተኛ ሆኖ ይጠራል፤ ዜማውንም ባርድዋጅ ራሱ ደርሶ ራሱ አዚሞታል። ከዚህም የሚበልጥብኝ የመቃብር ቆፋሪዎቹ ዘፈን ነው፤ ሽማግሌዎቹ በበረዶ ውስጥ እየቆፈሩ፥ ያለ ዋይታ፥ እንደ ሥራ ዘፈን አድርገው ሞትን ያዜሙታል፤ መቃብር መቆፈር የዕለት ተግባር በሆነበት ምድር ድምፅን ከፍ አድርጎ ማልቀስ ሐሰት ይሆን ነበርና፥ ይህ ዝግታ ትክክል ነው። የፓኪስታኑ ፋይዝ አህመድ ፋይዝ በወህኒ ሳለ የጻፈው ግጥምም በዚሁ ፊልም መዘመሩ፥ የጦር ወሰን የለያየውን ሕዝብ በአንድ ዜማ ያገናኘዋል።

ይሁን እንጂ «ሃይደር» በ1990 ከሸለቆው የተሰደዱትን ሂንዱዎች፥ ፓንዲቶቹን፥ እምብዛም አላለቀሰላቸውም፤ እኔም ይህን እንደ ታላቅ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። የስሪናጋር ተወላጅ የሆነው ቪዱ ቪኖድ ቾፕራ የእነርሱን ስደት በ2020 «ሺካራ» በተባለው ፊልሙ ቢተርክም፥ ሁለቱን ሐዘንተኞች በአንድ የልቅሶ ድንኳን ያስቀመጠ ፊልም እስካሁን አላየሁም።