ገል የሚመሰክረው ታሪክ፤ ከአሞን ረባት እስከ አክሱም

በመጻሕፍት የአሞን ልጆች ከተማ ረባት የተባለችው፣ በግሪኮችም ዘመን ፊላደልፍያ የተሰኘችው፣ ዛሬ የዮርዳኖስ መንግሥት ዋና ከተማ አማን ናት። ኦርዮ በቅጥሯ ሥር መውደቁ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከነገሥታቱ ዘመን እጅግ የሚቀድም፣ በብራና ሳይሆን በአፈርና በእሳት የተጻፈ ሌላ ታሪክ አላት።

ከመካከለኛው ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ያቦቅ ነው በሚባለው በዘርቃ ወንዝ ዳር፣ ዐይን ጋዛል የሚባል ስፍራ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7000 ዓመት ገደማ በዚያ የነበሩ ሰዎች ሸክላ መሥራት ገና አልጀመሩም ነበር። ሆኖም የኖራ ድንጋይ እያቃጠሉ ወለላቸውን ይለስኑ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 እና በ1985 ዓ.ም. የተገኙትን የሰው ምስሎችም በሸምበቆ ላይ ኖራ ለስነው ሠርተዋቸዋል። ይህ ሥራ ብዙ እንጨትና የብዙ ሰው ኅብረት የሚፈልግ ነውና፣ በአንድነት የሚሠራ ማኅበር እንደ ነበራቸው ያስረዳል። ኋላ የሸክላ ሥራ በመጣ ጊዜ ዕቃውን እንደ ዓሣ አጥንት በተሰለፈ ጭረት አስጌጡት። ይኸው ጌጥ በያርሙክ ወንዝ አጠገብም ስለ ተገኘ፣ ጥበቡ የብዙ መንደር ገንዘብ እንደ ነበረ ይታወቃል።

ሸክላ የተወለደበትን አገር አይሰውርም። ሠሪው ጭቃው እንዳይሰነጠቅ አሸዋ፣ ገለባ ወይም የተፈጨ ገል ይቀላቅልበታል፤ የየአገሩም አፈር ልዩ ልዩ ነውና፣ ስባሪው ሲመረመር የመጣበትን ይናገራል። ከአማን ወደ ደቡብ በቀይ ባሕር ዳር፣ ጥንት አይላ በተባለችው በዐቃባ፣ የሸክላ እቶኖች ተገኝተዋል፤ በዚያ የተሠሩ ባለ ሁለት ጆሮ እንስራዎች ስባሪም በአዱሊስና በአክሱም ተገኝቷል። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ኮስማስ የአይላ ነጋዴዎች በአዱሊስ ይነግዱ እንደ ነበር ጽፏል። በግሪክ የተጻፈው የሰማዕቱ የሒሩት ገድልም፣ ቅዱስ ካሌብ በ525 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሒምያር ሲዘምት ከተሰበሰቡለት መርከቦች 15ቱ ከአይላ እንደ መጡ ይናገራል። እንግዲህ መጽሐፉና ገሉ ስለ ሁለቱ አገር ግንኙነት በአንድ ቃል መሰከሩ።

በኢትዮጵያ ግን ይህን ጥበብ የያዙ ሰዎች ለብዙ ዘመን ቡዳ እየተባሉ ተንቀዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ንቀቱ ከልብ ፈጥኖ አልወጣም። ነቢዩ ኤርምያስ ቃለ እግዚአብሔርን ይሰማ ዘንድ የተላከው ወደ ለብሓዊው፣ ማለት ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት እንደ ነበር ልብ ይሏል። ብራና ይቃጠላል፣ ብረትም ይዝጋል፤ ገል ግን በምድር ውስጥ ሺህ ዓመታት ይቈያል። ስለዚህ ሸክላ ሠሪን የሚንቅ ሰው የአባቶቹን ታሪክ ጠባቂ እንደሚንቅ ይወቅ።