600 ዶላር፣ 8 ፈረሶችና 1 ብርድ ልብስ፦ ይሄ ፍትሕ ነው?

እስቲ አንድ የግድያ ጉዳይ ልንገራችሁና ፍረዱ። ሟች ስመ ጥር የጎሳ መሪ ነው። ገዳዩም የዚያው ጎሳ ሰው ነው። የጎሳው ምክር ቤት ወዲያው ተሰብስቦ ወደ ሁለቱም ቤተሰቦች አስታራቂዎች ላከ። የገዳዩ ወገን ለሟች ቤተሰብ 600 ዶላር፣ 8 ፈረሶችና 1 ብርድ ልብስ ሊክስ ተስማማ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። እስር የለም፣ ስቅላትም የለም።

ፍርዳችሁን ለጊዜው ያዙት።

ታሪኩ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1881 ዛሬ ደቡብ ዳኮታ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ሮዝበድ በሚባለው የላኮታዎች መኖሪያ ክልል የተፈጸመ ነው። ሟቹ ስፖትድ ቴይል፣ ገዳዩ ክሮው ዶግ ይባላሉ።

ለመሆኑ የሰው ነፍስ በ8 ፈረስ ይተመናል እንዴ? ላኮታዎች ነፍስ እየተመኑ አልነበረም። ገዳይም ሟችም በዝምድና የተሳሰረ የአንድ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። ገዳዩ ቢገደል ሐዘንተኛው ቤት ሁለት ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ በቀል ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታሰበው ደሙን ማድረቅ ነው። በሜዳማው አገር ፈረስ ማለት ማደኛም፣ መጓጓዣም፣ ሀብትም ነበር። 8 ፈረስ መስጠት የገዳዩን ወገን በደንብ ይሰማዋል።

የአሜሪካ መንግሥት ግን በዚህ አልረካም። ክሮው ዶግ ተይዞ ዴድውድ ከተማ ለፍርድ ቀረበ፤ በስቅላት እንዲሞትም ተፈረደበት። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዲሴምበር 1883 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ፦ በጊዜው በነበረው ሕግ መሠረት፣ አንድ የነባር ሕዝቦች አባል በራሳቸው ምድር በሌላው ላይ ለፈጸመው ወንጀል የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም። ክሮው ዶግ ተለቀቀ።

ድሉ ግን ዕድሜው አጭር ነበር። ኮንግረስ በ1885 አዲስ ሕግ አወጣ። ግድያን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን ጨምሮ 7 ወንጀሎች በነባር ሕዝቦች ምድር ቢፈጸሙም የፌዴራል መንግሥቱ ጉዳይ ሆኑ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም መንግሥት የራሱን ልዩ ፍርድ ቤቶች በየክልላቸው ማቋቋም ጀምሮ ነበር። እነዚህ ፍርድ ቤቶች ባህላዊ ጭፈራንና የባህል መድኃኒተኞችን ሥራ ሳይቀር እንደ ጥፋት ቆጥረው ይቀጡ ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ራሳችሁን የምታስታርቁበት መንገድ ተወስዶ፣ በምትኩ በባህላችሁ የሚቀጣችሁ ችሎት ሲተከል!

ያም ሆኖ የድሮው መንገድ ጨርሶ አልጠፋም። ግዛታቸው አሪዞናን፣ ኒው ሜክሲኮንና ዩታን የሚነካው ናቫሆዎች በ1982 የሰላም አስታራቂዎች ፍርድ ቤት አቋቋሙ። እዚያ ተበዳይ፣ በዳይና የሁለቱ ዘመዶች አብረው ይቀመጣሉ። ሁሉም የልቡን ይናገራል። ናታኒ የሚባለው አስታራቂ ከፍ ብሎ ተቀምጦ አይፈርድም፤ ይመክራል፣ የአባቶችን ታሪክ እየጠቀሰ ያስተምራል። መጨረሻ ላይ በስምምነት ካሳ ይወሰናል፤ በቋንቋቸው ናልዬ ይሉታል። የናቫሆ ዋና ዳኛ የነበሩት ሮበርት ያዚ ልዩነቱን ሲያስረዱ፣ የመንግሥት ችሎት ዳኛው ከላይ፣ ተከራካሪው ከታች የሆነበት መሰላል ነው፤ የናቫሆዎቹ ግን ሁሉም እኩል የሚቀመጥበት ክብ ነው ይላሉ።

ሽምግልናን ለምናውቅ ሰዎች ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ድክመቱም እንግዳ አይደለም። ባሏ የሚደበድባት ሴት በዘመድ ተከብባ «እሺ፣ ታርቄያለሁ» ብትል፣ እውነት ከልቧ ነው ወይስ ፈርታ ወይስ ይሉኝታ ይዟት? የናቫሆን አሠራር ያጠኑ ምሁራንም ይህን ጥያቄ አንስተዋል። ክቡ እኩል የሚሆነው በውስጡ የተቀመጡት በእኩል ድምፅ መናገር ሲችሉ ነው።

የ1885ቱ ሕግ፣ ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም፣ ዛሬም ይሠራል። ዛሬ በሮዝበድ እንደ ክሮው ዶግ ያለ ግድያ ቢፈጸም ተከሳሹን የሚጠብቀው የፌዴራል ዳኛ ነው። አሁን ያቆያችሁትን ፍርድ አውጡት። ከመበየናችሁ በፊት ግን ሁለት ጥያቄ መልሱ፦ ከፍርዱ በኋላ የሟችና የገዳይ ልጆች በአንድ መንደር እንዴት ይኖራሉ? ይህን የመወሰን ሥልጣንስ የማን ነው?